ድንኳኑ እስኪነሣ፦ የመምህር ደረሰ ላሬቦ የሕይወት ጉዞ

መምህር ደረሰ ላሬቦ ከአባታቸው ከአቶ ላሬቦ ሞሊሶ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አማረች ኤርጊቾ በ1964 ዓ.ም. በሆሳዕና ከተማ ተወለዱ። አናጺው አባታቸው ሥራ ፍለጋ ቤተሰቡን ይዘው ሐዋሳ ሲገቡ ደረሰ ገና ፊደል ይቆጥሩ ነበር። ትምህርታቸውን እዚሁ ጨርሰው፣ በአዲስ አበባ ምሕንድስና ተምረው ተመለሱ፤ በከተማችን ዩኒቨርሲቲም እስከ ዕለተ ሞታቸው አስተማሩ። በ1992 ዓ.ም. ከወ/ሮ ጫልቱ ጋር ትዳር መሥርተው ሐዳሳንና አልአዛርን ወልደዋል።

በ2008 ዓ.ም. አንድ የፕላስቲክ ወንበር ፋብሪካ የተሰበረ ወንበር ከየሰፈሩ አስመልሶ፣ ፈጭቶ፣ እንደገና ወንበር ሊያደርገው አሰበ። በየትኛው መንገድ ቢሰበስብ እንደሚያዋጣው እንዲያጠኑለትም መምህር ደረሰን ጠየቀ። እሳቸውም ከተማዋን በኮምፒውተር ሲሙሌሽን ሠሯት፤ ሰፈሩም መኪናውም በስክሪን ላይ ነጥብ ሆነ። ከየቤቱ መልቀምን ሞከሩ፤ በየሱቁ ማጠራቀምን ሞከሩ። ወንበር በብዛት የሚሰበረው በየእድሩ መሆኑን ሲደርሱበት ግን ሌላ መንገድ ታያቸው። መኪናው የለቅሶ ድንኳን በሚነሣበት በሦስተኛው ቀን ሄዶ አሮጌውን ይጭናል፤ አዲሱን በማግስቱ ያደርሳል። ከሁሉም የረከሰው ይህ ነበርና ፋብሪካው በዚሁ ጀመረ።

ቀጥሎ የሆነውን እንዳንዘለው መምህር ደረሰ በሕይወት ሳሉ አደራ ብለውናል። በ2009 ዓ.ም. በምሥራቅ ክፍለ ከተማ ወ/ሮ እህተማርያም የተባሉ እናት ወንድ ልጃቸውን ቀበሩ። የሟች እህት ከሞያሌ ገና መንገድ ላይ ስለነበረች ድንኳኑ በሦስተኛው ቀን አልተነሣም። መኪናው ግን ቀኑን ጠብቆ መጣ። ሐዘንተኛ ስለ ወንበር አይከራከርምና ለቀስተኛው አንድ በአንድ ተነሣ፤ ጫኞቹም ጫኑ። ልጅቱ ስትደርስ እናቷን ባዶ ድንኳን ውስጥ ቆመው አገኘቻቸው።

መምህር ደረሰ ይቅርታ ሊጠይቁ ሄዱ። ወ/ሮ እህተማርያም አልተቆጧቸውም።

«ልጄ፣ እግረ መንገዳችሁን ሐዘኑንም ብትጭኑልኝ ምን ነበረበት?» አሏቸው።

ከዚያ ወዲህ መምህር ደረሰ ለቅሶ ቤት ተቀምጠው አያውቁም። የገዛ እናታቸው ያረፉ ጊዜ እንኳ የድንኳኑን ምሰሶ ተደግፈው ቆሙ። የእድሩ ዳኛ አቶ አሰፋ «ኧረ ደረሰ፣ ቁጭ በል! ሐዘንተኛው አንተ አይደለህ እንዴ?» ቢሏቸው «የሰው ወንበር ነው» ብለው መለሱ። አቶ አሰፋ ነገሩ አልገባቸውም፤ እኛ ግን ገብቶናል።

ሲሙሌሽኑን ግን አልተዉትም። መኪናው የሚሄደው እድሩ «ድንኳኑ ተነሥቷል» ብሎ ሲጠራው ብቻ እንዲሆን አድርገው እንደገና ሠሩት። የፋብሪካው ሰዎች መኪናው ግማሽ ባዶ እየሄደ ነዳጅ ይፈጃል ብለው የድሮውን እንዲያጸድቁላቸው ለመኗቸው። እሳቸውም ስማቸውን ከጥናቱ አስፍቀው ወጡ። ፋብሪካው በድሮው ቀጠለ። መምህር ደረሰም የጭነት መኪና በሰፈራችን ባለፈ ቁጥር ከቤት ወጥተው በየት በኩል እንደታጠፈ ያዩ ነበር።

አዲሱን ሲሙሌሽን ለተማሪዎቻቸው ሲያሳዩ የመኪናው ነጥብ አንድ ቦታ ላይ ቀጥ ትላለች። «ቲቸር፣ ስታክ አደረገ እንዴ?» ይሏቸዋል። «አይ፣ እስኪነሡ እየጠበቀ ነው» ይላሉ። ተማሪዎቹ ይስቃሉ፤ እሳቸው ግን ነጥቧ እስክትንቀሳቀስ ዓይናቸውን ከስክሪኑ አያነሡም።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ በተወለዱ በ53 ዓመታቸው ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ወደሚወዱት ጌታ ሄደዋል። ባለቤታቸው ወ/ሮ ጫልቱ፣ ልጆቻቸው ሐዳሳና አልአዛር፣ እንዲሁም ወንድማቸው ክብሩ በሐዘን ላይ ይገኛሉ።

ጌታ በቤቱ ያስቀምጣቸው። ከሩቅ የምትመጡ ወዳጆች፣ በመንገድ አትጣደፉ፤ ድንኳኑ የሚነሣበትን ቀን ቤተሰቡ አልቆረጠም።