ከካርዱ ጀርባ ያሉት ሦስት ቁጥሮች

ጥር 14፣ ረቡዕ

ብርድ። ሯጮቹ ከልምምድ ሲመለሱ ጆሯቸው ቀልቷል። ውሃ ከትናንት ጀምሮ የለም። ማሪቱ ከጎረቤት በጀሪካን አመላልሳ፣ አሙቃ፣ ለሁሉም አዳረሰች። የእሷ ሥራ ክፍል ማጽዳት ነው፤ ይህን ማን አዘዛት? "ላባቸው ደርቆባቸው እንዴት ይዋሉ" አለችኝ። ኦቦ ዲሪርሳ ይህን እንግዳ ማረፊያ ሲከፍቱ ለሱሉልታ ሯጭ ብቻ ብለው ነበር። ዛሬ አልጋው ሁሉ የፈረንጅ ነው።

ሁለት ሰዎች ለየካቲት ክፍል ያዙ። እንደተለመደው የካርዳቸውን ቁጥር፣ የሚያበቃበትን ቀንና ከጀርባው ያሉትን ሦስት ቁጥሮች ላኩልኝ። ደብተሩ ላይ ገለበጥኩ። ኔትወርክ ቢጠፋም ደብተሩ አለ። አምስት ዓመት በዚሁ መቀበያ እንዲህ ነው የሠራሁት።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

ጠዋት ከባንክ ተደወለ። ቢኒያም እባላለሁ፣ ከካርድ ክፍል ነኝ አለ። ትሑት ሰው። የማረፊያውን ስም ያውቃል፣ የኦቦ ዲሪርሳንም ስም ያውቃል። "ሲስተም እየቀየርን ነው እህቴ። የያዛችሁት የካርድ መረጃ ከእኛ ጋር ካልተመሳከረ ሰኞ ማሽናችሁ ይዘጋል።"

ሰኞ ስድስት እንግዳ ሒሳብ ይዘጋል... ኦቦ ዲሪርሳ ፍቼ ለቅሶ ሄደዋል፣ ስልካቸው አይሠራም። ማንን ልጠይቅ? የደብተሩን ገጾች ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ላክሁለት። "ተባረኪ" አለኝ። አንድ ጣጣ ቀለለ።

ጥር 22፣ ሐሙስ

ቁርስ ላይ ፖላንዳዊው ቶማሽ ስልኩን ይዞ መጣ። ረግጦት በማያውቅ አገር በካርዱ ዕቃ ተገዝቷል። ቀጥሎ ዴንማርካዊቷ። እስከ ምሳ አምስት ሰው። አልጮኹብኝም። እሱ ባሰ። ቶማሽ ለዚህ ልምምድ ዓመት ሙሉ ሌሊት ሌሊት ሠርቶ ያጠራቀመው ገንዘብ ነው።

ኦቦ ዲሪርሳ ቢሮ ገቡ። አልተቀመጡም።

"የወይንሐረግ፣ ደብተሩን ማን ይነካል?"

"ማሪቱ ቢሮውን ታጸዳለች... እኔም አለሁ።"

ለምን እሷን አስቀደምኩ? ስለዚያ ስልክ ገና አላሰብኩም ነበር። እውነት አላሰብኩም?

ጥር 23፣ ዓርብ

ባንኩ በር ላይ በተጻፈው ቁጥር ደወልኩ። አንዲት ሴት አነሳች። በካርድ ክፍል ቢኒያም የሚባል ሰው የለም።

"እኛ የጀርባውን ቁጥር በስልክም በቴሌግራምም አንጠይቅም" አለች። "እናንተም መጻፍ የለባችሁም እኮ። ቁጥሩ የተቀመጠው ከፋዩ ካርዱን በእጁ መያዙን ለማወቅ ነው። ደብተር ላይ ከሰፈረማ ምኑን ሚስጥር ሆነ? ውላችሁ ላይ አለ።"

ውሉን አንብቤው አላውቅም። ፊርማው ግን የእኔ ነው።

ቴሌግራሙን ከፈትኩ። ሰውየው አካውንቱን ዘግቷል። የላክሁትን እኔም አጠፋሁት። ሳላስበው ነው... አይ። አስቤ ነው።

ጥር 24፣ ቅዳሜ

ማሪቱን ፖሊሶች ወሰዷት።

ሳጅን ዘርሁን ስልኳን እያገላበጠ "ይሄን በምን ገዛሽ?" አላት። አዲስ ነው። በዕቁብ አለች። ደመወዟን ጠየቀ፣ ነገረችው፣ ጻፈ። ወደ እኔ ዞረች። "ወይኒ፣ ንገሪው እንጂ።"

ዕቁቡ ሲደርሳት አብሬያት ነበርኩ። ስልኩን የመረጥኩላት እኔ ነኝ።

"እኔ ምን አውቃለሁ" አልኩ።

እንዲህ አልኩ።

ጥር 25፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ከደጁ ተመለስኩ።

ከሰዓት የማሪቱ እናት ከጫንጮ መጡ፣ ምሳ ዕቃ ይዘው። "ወይኒ አንቺ ነሽ? ሁሌ ስላንቺ ነው የምታወራኝ። ጣቢያውን አላውቀውም፣ አድርሺኝ ልጄ።"

አደረስኳቸው። በባጃጁ ውስጥ እጄን አልለቀቁም። "ልጄ የሰው ነገር አትነካም። አንቺም ታውቂያታለሽ።"

"አውቃታለሁ እማማ።" ለእሳቸው ስለሆነ አፌ አልተሳሰረም።

ማሪቱ ከፍርግርጉ ወዲያ ቆማ "ነገርሽልኝ?" አለችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። አዎ ማለቴ ነበር? እሷ እንደ አዎ ወሰደችው። ፈገግ አለች።

ምነው ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ።

ጥር 26፣ ሰኞ

ነገርኳቸው። ኦቦ ዲሪርሳ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ሰላምታም ሳልሰጥ "እኔ ነኝ የላክሁት። ባንክ ነኝ ብሎ አታሎኝ ነው። ማሪቱ ምንም አታውቅም" አልኳቸው።

"መቼ ዐወቅሽ?"

"ዓርብ።"

"ልጅቷን የወሰዷት ቅዳሜ ነው።"

"አዎ።"

ኮፍያቸውን አውልቀው ያዙ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። "ኢንታላ ኮ፣ ልጄ... መታለልሽን እችለው ነበር" አሉ። አብረን ጣቢያ ሄድን።

ሳጅኑ "ማስረጃሽ የታለ?" አለኝ። ቴሌግራሙን ባጠፋም ገጾቹን ያነሳሁበት ፎቶ ስልኬ ላይ አለ፣ ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱ። የተደወለበት ቁጥርም አለ። ስልኬን ሰጠሁት። ሁለቴ አስደገመኝ፣ አስፈረመኝ። ይህንን ግን እያንዳንዷን ቃል አነበብኩ።

ወደ አሥር ሰዓት ማሪቱን ለቀቋት። እናቷ ነጠላቸውን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላት። በአጠገቤ አለፈች።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

ባንኩ የካርድ ማሽኑን ወሰደው። ስድስት እንግዶች ለቀቁ።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

የመጨረሻ ቀኔ። ኦቦ ዲሪርሳ አዲሷን ሠራተኛ መቅዲን አሠልጥኚ አሉኝ።

"በካርዱ ባለቤቱ ራሱ መጥቶ ይክፈል። በመልእክት ቢልኩልሽ አትቀበዪ። ሦስቱን ቁጥሮች ወረቀት ላይም ስልክ ላይም እንዳትጽፊ። ባንክ ነኝ ያለሽ ሁሉ፣ ዝጊበትና ራስሽ ለባንኩ ደውዪ።"

አንገቷን እየነቀነቀች ጻፈች። "ሌላስ?"

ሌላም ነበር። በእኔ ጥፋት ሰው ሲወሰድ... አልወጣልኝም። በኋላ ግን ምን እንዳደረግሁ ነገርኳት፣ የማሪቱን ስም ጠርቼ። መጻፏን አቆመች።

ሰውየው እስካሁን አልተያዘም። የቶማሽን ገንዘብ የአገሩ ባንክ ሊመልስለት ነው አሉ። የሌሎቹን አላወቅሁም።

የካቲት 9፣ እሑድ

ማሪቱ ቤት ሄድኩ። ኦቦ ዲሪርሳ ሽማግሌ ልከው ተመለሺ ቢሏት እምቢ ብላለች። ቡራዩ ሥራ አግኝታለች፣ ሰኞ ትጀምራለች። በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች። ግቢ አላለችኝም።

"ፖሊሶቹ ደጋግመው ሲጠይቁኝ ምን እላቸው እንደነበር ታውቂያለሽ?" አለች። "ወይኒን ጠይቋት፣ እሷ ታውቃለች። እሱን ብቻ። አብረውኝ የታሰሩት ሴቶች ማናት ወይኒ ሲሉኝ፣ እህቴ ናት አልኳቸው።"

ይቅርታ አልኩ። ስንት ቀን ስለማመደው የከረምኩት ንግግር ነበር፤ አንዲት ቃል ብቻ ወጣች።

"ሰምቻለሁ" አለች።

በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ከውስጥ እናቷ "ማናት?" ሲሉ ተሰማኝ።

"የድሮ ሥራ ቦታ ሰው ናት" አለቻቸው።