ሱሙራን የዞርንበት መንገድ

ለእትዬ፣ እናትም አባትም ለሆንሽኝ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ መሰላሉን ስትወጪ አሁንም ያምሻል? ልጆቹስ? ትንሿ ጥርስ አበቀለች? ዘንድሮ ውሃው ከፍ ብሎ ነበር ሲሉ ሰምቼ ቤታችሁን አሰብኩት። ምሰሶዎቹ ቻሉት? እኔ የውሃው ጌታ ይመስገን በሕይወት አለሁ። እግሬን ረግረጉ በልቶት ቆዳው ተላጠ እንጂ ሌላ የሚታይ ሕመም የለኝም። የማይታየውን ነው ልነግርሽ የተቀመጥኩት።

ይህን ወረቀት የምታመጣልሽ ያቺ ጨው ነጋዴ ናት። ማንበብ ስለማትችል ነው የመረጥኳት። አንብበሽ ስትጨርሺ ምድጃ ውስጥ ጨምሪው።

ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። አንዱን ነገር ልጽፍ ስል ሌላው ይቀድመኛል፣ እሱን ስይዝ የመጀመሪያው ይጠፋኛል። እንግዲህ እንደመጣልኝ እጽፋለሁ፣ አንቺ አስተካክለሽ አንብቢው።

ወደ ካሮሜ ጦር ጓዝ ተሸካሚ ሆኜ መግባቴን ሰምተሻል። እንደተቆጣሽም ሰምቻለሁ። ግን እትዬ፣ አንቺ ከሱሙራ ግንብ ወዲያ ስለሆንሽ ወዲህ ያለውን አላየሽም። የናንተ ጌቶች፣ የኦሩቤ መኳንንት፣ የወንዙን በር ከዘጉ ሁለት ዓመት ሆነ። እዚህ ስድስት ዓመት ስኖር ያረስኩት መሬት እንደ ሸክላ ተሰነጣጥቋል። እናቶች ጭቃ በጨርቅ ቋጥረው ልጆቻቸውን ሲያስመጥጡ አይቻለሁ። ስለዚህ የካሮሜ ንግሥት ከየቤቱ አንድ ሰው ስትጠራ ሄድኩ። ከነማን ጋር ልዋጋ እንደሆነ ያን ጊዜ አላሰብኩም ብልሽ ውሸት ነው። አስቤ ነበር። አስቤም ሄድኩ።

ሱሙራን በፊት ለፊቱ አይተሽው አታውቂም። ብረት የያዘ ሰው ሲጠጋው ይጮሃል። እናንተ ከጀርባው ሆናችሁ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ነው የምትሰሙት። ከፊቱ ሲሆን ግን ጆሮ ያደማል፤ ትልልቅ ሰዎች ጦራቸውን ጥለው እንደ ሕፃን ይንከባለላሉ። ሁለት ጊዜ ሞክረን ሁለት ጊዜ ተመለስን። በሁለተኛው ጊዜ ብዙ ሰው ቀበርን።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ዱምቤ የሚባል ጓደኛዬ እንደልማዱ ይተርበኝ ጀመር። ጓዝ የምንሸከመው አብረን ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። «አንተ እንቁራሪት፣ የናንተ አገር ሰው ሲወለድ ይዋኛል እንጂ አያለቅስም አሉ፤ እውነት ነው?» አለኝ። ሰዎቹ ሳቁ። እኔም ሞቅ ብሎኝ፣ «እንቁራሪቱ እኮ ይሄን ግንባችሁን ዞሮት ያውቃል። ረግረጉ ጋ ሲደርስ የተሠራበት ሸክላ አይቆምም። ደንገል ልናጭድ ስንሄድ ዞረነው እንመለስ ነበር» አልኩ። ገንፎዬን ሳልጨርስ ጦሩን በምትመራው በአበጋዝ ሞሳንጌ ፊት ቆሜ ነበር።

ወፍራም ሴት ናት፣ ድምፅዋ የሻከረ፣ ሁልጊዜ የዕፅ ሥር የምታኝክ። «ስንት ሰው ያሳልፋል?» አለችኝ። «ሁለት ሰውና አንድ ታንኳ፣ እሜቴ» አልኳት። «አራት ሺህስ?» አለች። «ሞክሬው አላውቅም» አልኳት። «የት በኩል ነው የሚያልፈው?» ስትለኝ እውነቱን ተናገርኩ፤ በመንደራችን መሃል ነው አልኳት። «መንደሩ ዝም ካለ አንነካውም» አለች። «ዝም ካላለስ?» ብዬ ጠየቅኩ። ሥሯን ማኘኳን ቀጠለች።

በማግስቱ ነው ያንን ቃል በጨው ነጋዴዋ የላክሁልሽ። ልጆቹን ይዘሽ ወደ አክስታችን ዘንድ ሂጂ ያልኩሽን። የጦሩን ምስጢር ነበር የላክሁልሽ፤ ቢታወቅ ኖሮ አንገቴ አይተርፍም ነበር። ይኸው፣ በሁለቱም ወገን ከሃዲ የሆንኩት እንዲህ ነው።

አንድ ሺህ ሰው ከግንቡ ፊት ትተን ወጣን። ቀን ቀን እየቀረቡ ግንቡን እንዲያስጮኹት ነበር የታዘዙት፣ ጠባቂዎቹ ሁላችንም እዚያው ያለን እንዲመስላቸው። እኛ ብረታችንን በቆዳ ጠቅልለን፣ ጭቃ ቀብተን፣ ስድስት ቀን ተጉዘን ረግረጉ አፍ ደረስን። እኔ ከፊት ነበርኩ። ጓዝ ስሸከም የኖርኩ ሰው አራት ሺህ ሰው ከኋላዬ ሲከተለኝ ምን እንደተሰማኝ መግለጽ አልችልም። ደስ ብሎኛል። አፍሬበታለሁ ግን ደስ ብሎኛል።

ረግረጉ ውስጥ በገባን በሦስተኛው ቀን ቋጠሮዎቹን አየሁ።

ደንገሉ ሦስት ሦስት እየሆነ ደረት ላይ በሚደርስ ከፍታ ታስሯል። በየአርባ እርምጃው አንድ። ገና አረንጓዴ ነው፣ ከታሰረ ሁለት ቀን አይሞላውም። እኔ ከማውቀው መንገድ ይለይና ወደ ፀሐይ መውጫ ይጠማዘዛል። አንዱን ቀረብ ብዬ አየሁት። ወደ ግራ ሁለቴ ተጠምዝዞ ጫፉ ከሥር የተደበቀ ቋጠሮ ነው። እንዲህ አድርጎ የሚቋጥር አንድ እጅ ብቻ ነው የማውቀው። የማን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም።

አሁን የምነግርሽን ስታነቢ ተቀምጠሽ ይሁን። ያንን የቋጠረችው ሴት ባሏ በግንቡ የመጨረሻ ማማ ላይ ጠባቂ ነው። እኔ ደግሞ ከጠላቱ ጋር ነኝ። ስለዚህ ያ እጅ ሊያሰጥመኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ካሳደገኝ ሰው ይልቅ ጥላቻን ማመን ቀለለኝ። አበጋዟን «ወጥመድ ነው፣ አንከተለው፣ የድሮውን መንገድ አውቀዋለሁ» አልኳት። አመነችኝ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት መቶ ሰዎች በማስታውሰው መንገድ አስገባኋቸው። እኔ ታንኳዋ ላይ ነበርኩ። ዱምቤ ከፊት ሆኖ በረጅም እንጨት መሬቱን ይወጋል። እትዬ፣ ውሃው ቦታውን ቀይሯል። ጠንካራ የነበረው ሁሉ ለስልሷል። አንድ ሰው ገባ፣ እሱን ሊያወጡ ሦስት ገቡ፣ ከዚያ ማን ማንን እንደሚጎትት አልታወቀም። ስልሳ ሦስት ሰው። ዱምቤ ጭቃው ደረቱ ላይ ደርሶ፣ እጄን ዘርግቼለት ሳይደርስ፣ «አንተ እንቁራሪት፣ ምነው መንገዱ ጠፋህ?» አለኝ። እየሳቀ ነበር። እስከ አሁን ይቅር ያለኝ ይሁን የረገመኝ አላወቅኩም።

አበጋዟ አልመታችኝም፣ አልሰደበችኝም። «በቋጠሮዎቹ በኩል» አለች ብቻ።

ሦስት ቀን ሙሉ ከእግራችን ሥር ጠንካራ መሬት አልጠፋም። አንድ ሰው እንኳ ጉልበቱ ድረስ አልገባም። መንገዱ መንደራችንን በሩቁ ነው የዞረው። ዶሮ ሲጮኽ ብቻ ሰማሁ፣ የዓሣ ጢስ ሸተተኝ። ለአበጋዟም ሸተታት። «መንደር አለ?» አለችኝ። «ሩቅ ነው» አልኳት። ያን ያህል ሩቅ አልነበረም።

ከረግረጉ ስንወጣ የመጨረሻው ማማ ጀርባ ላይ ነበርን። ባዶ ነው። ሠላሳ ጠባቂ የነበረበት ማማ አንድ ነፍስ የለበትም። ጦሮቹ በሥርዓት ግድግዳው ላይ ተደግፈዋል፣ ገንፎው ከነሙቀቱ ምድጃ ላይ ነው። የሸሸ ሰው እንዲህ አይተውም፤ ተነግሮት የወጣ ሰው ነው። አበጋዟ ጣቷን ነክራ ቀመሰችና «ጨው ይጎድለዋል» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔ ግን ተቀመጥኩ። እዚያ ማማ ውስጥ ማንን አገኝ ይሆን እያልኩ ስንት ቀን እንደሄድኩ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ግንቡ ከጀርባው ስንመጣበት አልጮኸም። አጉረመረመ። በሩ ላይ ድምፅ ሰምቶ ማን ነው እንደሚል ሽማግሌ፣ ግራ እንደገባው። እጄን አስደግፌበት ነበርና በመዳፌ ተሰማኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ አሳዘነኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጥኖ አለቀ። የሌሎቹ ማማዎች ጠባቂዎች ፊታቸውን ወደ ጩኸቱ አዙረው ነበር። ብዙዎቹ ቀትር ሳይደርስ እጃቸውን ሰጡ። ሁለት ማማ ግን ተዋጋ፣ ተቃጠለም። ከዚያ የወንዙን በር ከፈትን። የካሮሜ ሰዎች በሆዳቸው ተኝተው እንደ ከብት ሲጠጡ አየሁ። አለቀስኩ። ለነሱ ይሁን፣ ለተቃጠሉት ይሁን፣ ለዱምቤ ይሁን፣ እንባው አንድ ላይ ስለሚወርድ መለየት አልቻልኩም።

ከተማረኩት አንዱ የኦሩቤ አለቃ ታስሮ እያለ፣ ከረግረጉ ሰዎች አንዱ እንደሸጣቸውና ሰውየውን ሳያገኙ እንደማይተኙ እየጮኸ ይምል ነበር። አበጋዟም በበኩሏ ቋጠሮውን ያሰረውን ፈልጋ መሸለም ፈለገች። አንዱ ሊገድል፣ አንዷ ልታከብር፣ ሁለቱም ያንኑ ሰው ይፈልጋሉ። ጠርታ ጠየቀችኝ። እኔም «ዱምቤ ነው። ቀድሞ ገብቶ መንገዱን ያየ እሱ ነው» አልኳት።

«ታዲያ በራሱ ቋጠሮ ያልሄደው ለምንድን ነው?» አለች።

«እኔ ስላላመንኩት» አልኳት።

ሥሯን ተፋች። ጸሐፊዋን ጠርታ የዱምቤን ስም አጻፈች። ያመነችኝ አይመስለኝም፤ ለምን እንደተወችኝ ግን አይገባኝም። ለዱምቤ እናት ከወንዙ ዳር መሬት ተሰጣት። ልጄን ጀግና አድርገህ መሰከርክለት ብላ እጄን ሳመችው። እጄን መልሼ መንጠቅ ፈልጌ ነበር፣ አልቻልኩም። ስልሳ ሁለቱ ሌሎች እናቶች ምንም አልተሰጣቸውም። ይሄን ሳስብ ውሸቴ ደግ ነበር ወይስ ክፉ፣ ይዞርብኛል።

ያ እጅ ለማን ብሎ ነው ያሰረው? ለመንደሩ ነው? ለልጆቹ? ማማው ላይ ለነበረው ሰው? ወይስ ከፊት ለሚመጣው ለኔ? አንዳንድ ቀን ለሁላችንም ነው እላለሁ፣ አንዳንድ ቀን ለኛ ለማናችንም አይደለም፣ ደም እንዳይፈስ ብቻ ነው እላለሁ። አልጠይቅሽም። መልስም እንዳትጽፊ። አሁን የውሃውን መንገድ እንድጠብቅ ሾመውኛልና እዚህ እቆያለሁ። ወደናንተ ብመጣ የሚከተለኝ ዓይን ይኖራል።

ልጆቹን ሳሚልኝ። ለባለቤትሽም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። የት እንዳለ አልጠይቅም። ግንቡ ላይ የሞቱትን ስም የጻፉበትን ዝርዝር ግን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ ስሙ የለበትም።

የውሃው ጌታ ዘመንሽን ያርዝመው። ምሰሶሽ አይናድ፣ መረብሽ ባዶውን አይውጣ፣ ልጆችሽ ያንቺን ልብ ይውረሱ እንጂ የኔን አይውረሱ። እኔንም አንድ ቀን ፊትሽ ቀና ብዬ ለመቆም ያብቃኝ።

ያላመነሽ ታናሽ ወንድምሽ