አምስቱን ደረጃ ወጥታ በር ላይ ስለቀረችው ምራቴ

የጤና አስተማሪዎችን ለሚያሠለጥነው የወረዳችን ክፍል ኃላፊዎች ይድረስ፤

ለእኛ ጤና ስትደክሙ የእናንተን ጤና የሚጠይቅ አይገኝምና፣ ከነመጽሐፋችሁና ከነአዳራሻችሁ እንደምን ከርማችኋል? እኔ በሰባ አራት ዓመቴ፣ ከዓይኔ በቀር፣ ደኅና ነኝ።

በባህርይ ለውጥ ንድፈ ሐሳብ ያዘጋጃችሁትን የማሠልጠኛ መጽሐፍ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛችን ከወይዘሪት ሕሊና ተውሼ ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ፊደል በራሴ የለየሁ ሰው ነኝና ብሳሳት እንድታርሙኝ በትሕትና እለምናለሁ።

፩ኛ፦ መጽሐፉ እናት ጤና ጣቢያ ሄዳ እስክትወልድ አለማሰብ፣ ማሰብ፣ መዘጋጀት፣ መፈጸም፣ መጽናት የሚባሉ አምስት ደረጃዎች ትወጣለች ይላል። ምራቴ ሸጊቱ አምና ሰኔ ምጥ ሲይዛት ሁሉንም በአንድ ጠዋት ወጥታቸዋለች።

፪ኛ፦ እንቅፋቱ የቤተሰብ ድጋፍ ማነስ ነው ትላላችሁ። ዐሥራ ስድስት የመንደራችን ሰዎች በወሳንሳ እየተቀባበሉ አራት ሰዓት ጭቃ ለጭቃ ተሸክመዋታል፤ እኔም በከዘራዬ ተከትያለሁ። የጎደለው ስንት ሰው እንደሆነ ብትነግሩን እናሟላ ነበር።

፫ኛ፦ ጤና ጣቢያው ዝግ ነበር። ዘበኛው ያርጋል እንዳስረዳን፣ አዋላጇም ነርሱም ደባርቅ ለሥልጠና ሄደዋል። ርእሱን በሩ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት አነበብሁት፤ «እናቶች ጤና ጣቢያ መጥተው እንዲወልዱ የማሳመን ዘዴ» ይላል። ስለ ትጋታችሁ አመሰግናለሁ። ሕፃኑ እዚያው ደጃፉ ላይ ተወለደ፤ አላለቀሰም። ክርስትና ሳይነሣ ስለቀረ ስም የለውም፤ በመዝገባችሁ ብትፈልጉት አታገኙትም።

አሁን ሸጊቱ ዳግም ፀንሳለች፤ ከቤቴ ንቅንቅ አልልም ብላለች። ሕሊናም እንዳሠለጠናችኋት በስሟ አንጻር «ገና ያላሰበች» ብላ ጻፈች፤ ስትጽፍ ግን ቀና ብላ አላየችኝም። እኔ በዚህ ወረዳ ከሸጊቱ የበለጠ ያሰበ ሰው አላውቅም። ልመክራት ብዬ መጽሐፋችሁን ደግሜ ገለጥሁት፤ ለዚህ የሚሆን ገጽ የለውም።

መልስ እንደማልጠብቅ እያረጋገጥሁ፣ በር እስከሚከፈትልኝ ድረስ በደጃችሁ እንደቆምሁ፣

አክባሪያችሁ
ወልደ ሩፋኤል ደምለው
ከደባት በላይ፣ ግንቦት ፲፪ ቀን ፳፻፯ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ የዘንድሮው ሥልጠና ከሰኔ ፩ እስከ ፲፪ መሆኑን ሰምቻለሁ። የሸጊቱም ወር ሰኔ ነው። አዋላጇ ከሥልጠናው እንደማትቀር አውቃለሁና ቁልፉን ለያርጋል ትተውለት፤ ማዋለድ ባይችል በር መክፈት ይችላል፤ ለዚያ ሥልጠና አላስፈለገውም።