በዝግታ የተጻፈው ዘፈን ለማን ይሁን

እኔ በስልክ ማዞሪያ ክፍል ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ፣ በትርፍ ጊዜዬም ግጥምና ዜማ ስደርስ የኖርሁ ሴት፣ ዛሬ ሐሙስ መጋቢት 11 ቀን ከሰዓት በኋላ በመኝታ ክፍሌ ሆኜ ይህን የኑዛዜ ቃሌን እሰጣለሁ። እግሬ ከድቶኛል፤ አእምሮዬ ግን በቦታው ነው። የሚጠራጠር ካለ ከዘፈኖቼ የፈለገውን መርጦ ግጥሙን ይጠይቀኝ። ጎረቤቴ አስተማሪው እንደተናገርሁ ይጻፉ፤ እንዳያሳምሩብኝ አደራ።

አንደኛ፦ ቤቱ ለአንድ ልጄ ነው። ጣሪያው በማድቤቱ በኩል ያፈሳል። ሞቴን ሳይጠብቅ ያሠራው።

ሁለተኛ፦ አኮርዲዮኔ «ችኩሉ» ለምንለው ለሙዚቃ ባንዳችን መሪ ይሁን። ዕድሜውን ሙሉ ባቡር የሚያመልጠው ይመስል ሲጫወት ኖረ፤ ሆኖም ከእርሱ የተሻለ ጆሮ ያለው ሰው አላየሁም። ክፉኛ ያስቀየመኝ አንድ ጊዜ ነው፤ እርሱን ከታች እናገራለሁ።

ሦስተኛ፦ የሰርጉም፣ የፌዙም፣ የናፍቆቱም ዘፈኖቼ ለልጄ ናቸው። እንዴት እንደተደረሱ ግን ይወቅ። በማዞሪያው ክፍል የጆሮ ማዳመጫ አድርጌ ስውል፣ ሰው «ሃሎ» ሲል ብቻ ደስታውም ሐዘኑም ይታወቀኝ ነበር። ያንን የድምፅ ቃና ይዤ ማታ ታናሽ እህቴ ቤት እሄዳለሁ። እርሷ ልብስ ስታጥብ እኔ ያለ ቃል አንጎራጉርላታለሁ። «ሆዴን ባር ባር አለው» ካለችኝ የናፍቆት ግጥም እጽፍለታለሁ፤ ከሳቀች ፌዝ ይሆናል፤ ዝም ካለች ዜማው ከእጣቢው ጋር ይደፋል። አንድ ጊዜ እንባዬን እየዋጥሁ ያንጎራጎርሁላትን «እኔስ የራበኝ ነው የሚመስለኝ» ብላኝ፣ ምግብ ቤት ገብቶ አስተናጋጅ ስለረሳው ሰውዬ የሚያስቀው ዘፈን ወጣበት። ያ ዘመን ከነሳሙናው ሽታ ይናፍቀኛል።

አራተኛ፦ እህቴ አንድያ ልጇን በሕፃንነቱ በሕመም አጣች። ያን ጊዜ የደረስሁትን ዘፈን ለእርሷ ማንጎራጎር አልቻልሁም። ብቻዬን በዝግታ ጻፍሁት። «ጮሌው» የሚለው የልጁ ቅጽል ስምም አለበት። እንዲያጠናው ለችኩሉ ሰጠሁት፤ እርሱ ግን ሳይነግረኝ አፍጥኖ የጭፈራ ዘፈን አደረገው። ስጠይቀው «ሰው እንዳያንቀላፋ ትንሽ ሞቅ አደረግሁት እንጂ ምን አጠፋሁ?» አለኝ። እህቴ አንድ ሰርግ ላይ ሰው ሲዘልበት አየች። የያዘችውን ሳህን አስቀምጣ ወጣች። ከዚያ ወዲህ በልጄ በኩል ሰላምታ ከመላክ በቀር ደጄን አልረገጠችም።

ዛሬ መጥታለች። ኮቷን ሳታወልቅ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች። ስለዚህ ዘፈኑን ለእርሷ አውርሻለሁ። ያለ ፈቃዷ ማንም እንዳይጫወተው። ይዘጋ ካለችም ለዘለዓለም ይዘጋ።

(እዚህ ላይ እህት ተናገሩ። ተናዛዧም ንግግሩ ሳይቀነስ እንዲጻፍ አዘዋል።)

«እታለም፣ አይዘጋም። ያን ቀን ደሜ ፈልቶ ነው የወጣሁት። እየቆየ ግን በሬዲዮ ሲመጣ ጆሮዬን መስጠት ጀመርኩ። አሁንማ ድምፁን ከፍ ነው የማደርገው።»

«ታዲያ መጥተሽ አትነግሪኝም?»

«አፍሬ ነዋ! ያን ያህል ተኮራርፈን ምን ብዬ ልምጣ?»

«እኔ እኮ በር በተንኳኳ ቁጥር አንቺ እየመሰልሽኝ ነው ያረጀሁት።»

«ይቅር በይኝ እታለም። ግን እስቲ አስቢው፤ ልጄ መቼ ቀስ ብሎ ሄዶ ያውቃል? ከአልጋው እስከ በሩ እንኳ በሩጫ ነበር። በዝግታ የጻፍሽው ያንቺን ሐዘን ነው። ችኩሉ ሳያውቀው ልጄን ነው የተጫወተው። ይዝለሉበት።»

አራተኛው ቃሌ እንዲህ ይታረም፦ ዘፈኑ የእህቴ ነው። የፈለገ ሁሉ ይዝፈነው፤ ፍጥነቱንም ማንም እንዳይቀንስ። ችኩሉንም ይቅር ብዬዋለሁ፤ እንዳይኮራብኝ ግን ከሞትሁ በኋላ ይነገረው።

ይህ ቃሌ በፊቴ ተነብቦልኝ፣ የእኔው መሆኑን አረጋግጬ በገዛ እጄ ፈርሜያለሁ።

ምስክሮች፦ ልብስ ሰፊው ጎረቤት፣ ፈርመዋል። የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት፣ ፈርመዋል። ጸሐፊው አስተማሪ፣ ፈርመዋል።

እህት ወራሽ በመሆናቸው ምስክር ሊሆኑ እንደማይችሉ ተነግሯቸው ነበር። እርሳቸው ግን «ልጄ እንዴት ይሮጥ እንደነበር ከእኔ በላይ የሚመሰክር ማን አለ?» ብለው ከሁሉም በታች ፈርመዋል።