የሐፍሳ ጉሮሮና ሁለቱ መርፌዎች

ጥር 6፣ ማክሰኞ

ቴፒ ዛሬም ፀሐይ። መጋዘኑ ውስጥ ሁለት መኪና ቡና ገባ፣ ናሙና ለማውጣት ጆንያ በሹል ብረት ስወጋ ዋልኩ። መዛኙ ሳዲቅ ከሚዛኑ ማዶ ሆኖ፣ "ሸምሱ፣ ቀስ በል፣ ቡናው ጠላትህ አይደለም" ይለኛል። ሃያ ዓመት ያችው ቀልድ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለ። ከአዲስ አበባ፣ ከልብ ሕክምናው። "የሐፍሳ አባት ነዎት? ተራዋ ደርሷል፣ የሚመጣው ማክሰኞ ይዘዋት ይምጡ።" ሁለት ዓመት የጠበቅነው ስልክ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር... ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ።

ጥር 9፣ ዓርብ

ልጄ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ከቤት እስከ ቧንቧው ሦስት ጊዜ ታርፋለች። የምትተኛው በሦስት ትራስ ተደግፋ ነው። በልቧ ውስጥ ያለ አንድ በር ጠቧል። በልጅነቷ ጉሮሮዋን ደጋግሞ ሲያማት ሳይታከም ቀርቶ ወደ ልቧ ዞሮ ነው አሉ። ሚዛን ከተማ ሆስፒታል ሐኪሙ ይህን ሲናገር እናቷ አለቀሰች። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ለምን መሬት እንዳየሁ እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ጽፌ አላውቅም።

ጥር 11፣ እሁድ

ጅማ አደርን። ሐፍሳ መንገዱን ሁሉ ተኝታ መጣች። እየደጋገምኩ ትንፋሿን አዳመጥኩ።

ጥር 13፣ ማክሰኞ

ዶክተር ለተብርሃን ትባላለች። ቀስ ብላ የምታወራ ሴት። ወረቀት ላይ ልብ ሣለችልኝ። የጠበበው በር ውስጥ ፊኛ አስገብተው ይነፉታል፣ በሩ ይሰፋል። በሩ ያለው ግን በግራ በኩል ነው። ከብሽሽቷ በደም ሥር ሽቅብ ሄደው የሚደርሱት ቀኙ ክፍል ነው። ወደ ግራው ለመሻገር መሃል ያለውን ግድግዳ መብሳት ግድ ነው። በመርፌ።

"መርፌው ሁለት ዓይነት ነው" አለች። የቆየው ሹል ነው። ሲገፉት ግድግዳው እንደ ድንኳን ይወጠራል፣ ከዚያ በድንገት ይለቃል። አዲሱ ጫፉ ደነዝ ነው። ግድግዳውን ሲነካ ለቅጽበት ኤሌክትሪክ ይሰጡታል፣ ብዙ ሳይገፉት ይበሳል።

በድንገት ይለቃል... ይህን ነገር እጄ ያውቀዋል። እርጥበት የነካው ጆንያ ብረቱን ይመልሰዋል፣ ይመልሰዋል፣ ከዚያ እስከ እጀታው ጥልቅ። በሌላው ጎኑ የወጣበት ቀንም አለ። የፈሰሰው ቡና ነው፣ ተጠረገ። የልጄስ ደም?

"አዲሱን ያድርጉላት" አልኩ።

"ከውጭ የመጡ ሐኪሞች ይዘውት መጥተው ነበር፣ አልቋል። መቼ እንደሚመለሱ አላውቅም፣ እሷ ደግሞ ብዙ የምትጠብቅ አይደለችም። አቶ ሸምሱ፣ አዲሱም ቢሆን ያለ ቦታው ከነካ ያለ ቦታው ነው የሚበሳው። ዋናው ቦታውን ማየት ነው።"

የምታየው በጉሮሮ በሚወርድ ቱቦ ነው። ከልቧ ጀርባ ሆኖ ምስሉን ያሳያል።

በጉሮሮ።

ጥር 14፣ ረቡዕ

ቱቦውን ሞከሩ። አልወርድ አለ። ሐፍሳ ታነቀች፣ አወጡት። ዶክተሯ አፏን በባትሪ አየች። "እዚህ ጠባሳ አለ። እንጥልሽን ማን ቆረጠው?"

"አላስታውስም" አለች ሐፍሳ።

ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ።

ጻፍ እንግዲህ፣ ሸምሱ። ሰባት ዓመቷ ነበር፣ ጉሮሮዋን አሟታል። እናቷ ልትወልድ ወላጆቿ ጋ ሄዳለች። የጤና ጣቢያዋ ነርስ መድኃኒት ጻፈች። እኔ ግን እንጥሏ ወርዶ ነው፣ አንዴ ቢቆረጥ ትገላገላለች ብዬ ማሻ ከተማ አንዲት ሴትዮ ዘንድ ወሰድኳት። የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው። ሁለት እጇን ጥርቅም አድርጌ የያዝኩት እኔ ነኝ። የመድኃኒቱ ወረቀት ኪሴ ውስጥ ቀረ። በየዓመቱ ጉሮሮዋን ሲያማት፣ "ተቆርጧል እኮ፣ ምን ይሆናል" እያልኩ...

ልቧን ያሳመምኳት እኔ። አሁን ደግሞ ያው ጠባሳ የዶክተሯን ዓይን ሊጋርድ። ፈራሁ። ያ ረቢ፣ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ከሰዓት ዶክተሯ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ነገርኳት። አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። በስንት ዓመቷ፣ ደም ፈሷት ነበር ወይ እያለች እየጠየቀች ጻፈች። "ለሕፃናት የምንጠቀምበት ቀጭን ቱቦ አለ፣ በእሱ እሞክራለሁ። እሱም ካልወረደ የነገውን ሕክምና እናቆያለን።"

"መርፌውን ሲገፉት መቼ እንደሚለቅ እጅዎ ያውቀዋል?" አልኳት።

"ያውቀዋል። ግን እጄን ብቻ አላምንም።"

የፈቃዱ ወረቀት ላይ ፈረምኩ። ፊርማዬ የኔ አይመስልም።

ጥር 15፣ ሐሙስ

ሦስት ሰዓት ላይ ገባች። ኮሪደሩ ላይ ነኝ።

አራት ሰዓት። ቱቦው ወረደ ይሆን? ማንም አይናገርም።

አራት ተኩል። አሁን እየገፋች ይሆን... አሁንስ? አንድ ነርስ ሮጣ አለፈች። ወደ ሌላ ክፍል ነው። ወደ ሌላ ክፍል ነው።

አምስት ተኩል። ወጣች። ትተነፍሳለች፣ ቀስ ብላ፣ ያለ ትራስ።

ቀጭኑ ቱቦ ወርዷል። "ግድግዳዋ ወፍራም ነበር" አለች ዶክተሯ። "ሁለት ጊዜ ያለ ቦታው ሲወጠር አየሁና መርፌውን መለስኩት። በሦስተኛው ነው የበሳሁት።" ሁለት ጊዜ መለሰችው። እኔ በሃያ ዓመት አንድ ጆንያ ላይ እጄን መልሼ አላውቅም።

ጥር 24፣ ቅዳሜ

ቴፒ ገብተናል። የእንጥሉንና የመድኃኒቱን ነገር ለእናቷ ነገርኳት። አታናግረኝም። ልክ ናት።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

ሳዲቅ ጉሮሮውን ያመመውን ልጁን እንጥሉን ሊያስቆርጥ ማሻ ሊወስደው ነው። ሚዛኑ አጠገብ፣ ሰው እየሰማ፣ የራሴን አንድ በአንድ ነገርኩት። አልቀለደም። ልጁን በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድነው።

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

የሐፍሳ የወሩ መርፌ ቀን። የጉሮሮው ሕመም ዳግም ልቧን እንዳይነካ በየወሩ ፔኒሲሊን፣ ገና ለብዙ ዓመት። ከቤት እስከ ጤና ጣቢያ በእግሯ ሄደች፣ አንዴም አላረፈችም። የደከምኩት እኔ ነኝ።

አግዳሚው ላይ ተራ ስንጠብቅ፣ "አባዬ፣ አስታውሳለሁ እኮ" አለች።

ምኑን ብዬ አልጠየቅኩም። "ታዲያ ለዶክተሯ ለምን አላስታውስም አልሽ?"

"ፊትህን አይቼ።"

ይቅር በይኝ አልኳት። ነርሷ ስሟን ጠራች፣ ገባን። መድኃኒቱ በወፍራሙ መርፌ ሲቀዳ ሐፍሳ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ እጇን ዘረጋችልኝ።

"ያዘኝ፣ ይሄ መርፌ ያማል።"

እጇን ላላ አድርጌ ያዝኩት፣ ከፈለገች እንድታወጣው። አላወጣችውም።