ጭልፊቷን ማን አደነቃት?

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ በኃይሉ፣

እንደምን ከርመሃል ጋሼ? ብርድ ሲነካው የሚያስነክስህ ጉልበትህስ እንዴት ነው? እትዬ ሠናይትስ፣ ልጆቹስ፣ ጎረቤቱስ? እማዬስ? አሰላ ክረምቱ ገባ ወይ? እኔ ለአካሌ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ለልቤ ግን ደህና ነኝ ብዬ ልዋሽህ አልችልም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። በስልክ ተማክራችሁ ነው የምታወሩኝ። አንዳችሁ ስትናገሩ ሌላችሁ ከኋላ ስታንሾካሹኩ ይሰማኛል። ስለዚህ ይህን ወረቀት አብራኝ የምትሠራው ሮሃ ለእረፍት ስትመጣ በእጅህ እንድትሰጥህ አስምያታለሁ። ብቻህን ሆነህ አንብበው።

የወፎቼን ነገር ታውቃለህ። እዚህ ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም የሚባለው ሰፈር ያለው ምግብ ቤት ሥራ ከመግባቴ በፊት፣ ጎህ ሲቀድ፣ ዛፍ ወደ በዛበት መናፈሻ ሄጄ ወፍ ፎቶ አነሳለሁ። አሮጌዋን ካሜራ የገዛሁ ጊዜ "ሠርግ የማይጠራት ፎቶ አንሺ" ብለህ ሳቅህብኝ። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ትንፋሽህን ይዘህ ትቆማለህ፤ ወፏ ቅጠል ውስጥ ገብታ ጅራቷን ብቻ ታሳይሃለች። የቀናኝን በልጅህ በሚጣ ስልክ ለእማዬ እልክላት ነበር፤ እሷም ድምፅዋን ቀድታ ትመልስልኝ ነበር። እዚህ መንገድ ዳር ዛፍ ላይ የሚቆመውን አባ ኮዳ የሚባል ትልቅ ወፍ ያየች ቀን "ይሄ መላጣ ደግሞ የማን ዳኛ ነው?" ብላ ሥራ ቦታ ለብቻዬ አሳቀችኝ።

ከፋሲካ ወዲህ ያ ድምፅ ጠፋ። ስደውል "ተኝታለች" ትሉኛላችሁ፤ ሌላ ጊዜ "ጠበል ሄዳለች"፤ ሌላ ጊዜ "ጉሮሮዋን አሟታል"። ፎቶ በላክሁ ቁጥር ሚጣ "እማዬ አየችው፣ ደስ አላት" ብላ ትጽፋለች።

በቅርቡ አንድ ጭልፊት አነሳሁ። ደረቅ ቅርንጫፍ ላይ ቆማ ፀሐይ ስትሞቅ ነበር፤ ዓይኗ ሳይቀር ጥርት ብሎ ወጣ። ሆን ብዬ ላክሁት። እማዬ ስንት ጫጩት በጭልፊት ያስበላች ሴት መሆኗን አንተም ታውቃለህ፤ የጭልፊት ስም ከተነሳ "ክንፏ ይሰበር" ሳትል አታልፍም። የጠበቅሁት እርግማን ነበር። "ይቺን ሌባ ቤቴ ድረስ ላክሽብኝ?" ብላ ብትሰድበኝ መንገድ ላይ እልል እል ነበር። ሚጣ ግን "እማዬ እንዴት ታምራለች አለች" ብላ መለሰችልኝ። ልጅቷን እንዳትቆጣት ጋሼ። ያሸከማችኋት እናንተ ናችሁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባል የለ።

በማግስቱ ከመናፈሻ ስመለስ የግቢያችን ዘበኛ "የአገርሽ ሰዎች ገና ሳይነጋ መጥተው አጡሽ፤ አንድ ሽማግሌና ነጭ የለበሱ ሴቶች" አለኝ። ሽማግሌው አቶ ሐብተማርያም መሆናቸው ገባኝ። እዚህ ሰፈር ላለነው ሐበሾች መርዶ የሚያረዱት እሳቸው ናቸው፤ ሰው ሥራ ሳይወጣ፣ እህል ሳይቀምስ ይደርሳሉ። የጎረቤቴ የኤልናታን አባት ያረፉ ጊዜ እኔም ተከትያቸው ሄጄ፣ ልጁ በሩን ከፍቶ ሲያየን ፊቱ የሆነውን አይቻለሁ። ዘበኛውን ክንዱን ይዤ "ጥለቱ ወዴት ነበር? ነጠላቸውን አዘቅዝቀውት ነበር?" አልኩት። ምን እንደምጠይቀው ከየት ይግባው። "ማዳም፣ ልብሱ ነጭ ነው" አለኝ። ቆይቶ ፊቴን ሲያየው "ፖሌ" አለኝ፤ አይዞሽ ማለቱ ነው።

ከዚያ ወዲህ የምወጣው ወፍ ፍለጋ አይደለም፤ ሽሽት ነው። በጨለማ ወጥቼ መናፈሻው እስኪከፈት በሩ ላይ እቆማለሁ፤ ስልኬንም አጠፋለሁ። እነሱ ሲያንኳኩ እኔ ከሌለሁ አላረዱኝም፤ ካላረዱኝ እማዬ አለች። እንዲህ ብዬ ነው የማስበው። ሞኝነቴን አውቀዋለሁ፣ ግን ሌላ የምይዘው ነገር የለኝም። ትናንት ስመኘው የኖርኩት ወፍ፣ አረንጓዴ ሆኖ ሲበር ክንፉ ቀይ የሚሆነው፣ ከራሴ በላይ መጥቶ አረፈ። ካሜራውን አንስቼ መልሼ አወረድኩት። ባነሳውስ ለማን ልልከው ነው ብዬ ጭቃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ለሩጫ የወጡ ሰዎች ዞር ብለው አለፉኝ።

ፓስፖርቴ ለመኖሪያ ፈቃድ እድሳት ገብቶ እንዳልወጣልኝ ታውቃለህ። መምጣት ለማትችል ሰው ነግረን ለምን እናቃጥላት ብላችሁ ይሆናል። አልፈርድባችሁም፤ ግን ተቃጠልኩ እኮ ጋሼ። እዚያ ጭቃ ላይ ሆኜ አርባዋ አልፎ ቢሆንስ አልኩ። ድንኳኑ ተጥሎ ተነስቶ፣ የሩቅ ሰው ሁሉ አልቅሶላት፣ እኔ የሆዷ ፍሬ ከዛፍ ዛፍ ወፍ ሳባርር? ይህን ካሰብኩ በኋላ መሸሹም አላስችል አለኝ።

እባክህ፣ ይህ እንደደረሰህ ለአቶ ሐብተማርያም ደውልላቸው። ከእሁድ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ቤት እሆናለሁ። ከጎረቤት ወንበር ተውሻለሁ፤ በሩንም አልቆልፈውም። ነገሩ የኔ ፍርሃት ብቻ ከሆነ ደግሞ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርግና ስለ ጭልፊቷ ንገራት፤ የምትለውን ከራሷ አፍ ልስማ። ከሁለቱ አንዱን አድርግልኝ እንጂ እንዲህ አንጠልጥለህ አትተወኝ።

እትዬ ሠናይትን ሁለቱን ጉንጯን ሳምልኝ። ሚጣን ምንም አልተቀየምኩሽም በላት፤ ለታናሽ ወንድሟ ለባልቻም የወፍ ሥዕል ያለበት ከናቴራ በሮሃ ልኬለታለሁ። ለእማዬ የምልከው ሰላምታ ግን የቤቱ ይሁን የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ የት ወስደህ እንደምታደርሰው የምታውቀው አንተ ነህ።

እህትህ ውባንቺ
ናይሮቢ፣ ሰኔ ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.