በንግሥ ቀን የተቆጠረው ትምህርት ቤት

ውድ ባለቤቴ፣ የኔ መምህር፤

አንተን ከቀበርን ሁለተኛው የሩዝ አጨዳ አለፈ። ሰው ሁሉ ተጽናኚ ይለኛል፤ እኔን ግን አሁን እንቅልፍ የነሳኝ ጥርጣሬ ነው። ታውቀኛለህ። ዶሮ ስትጠፋ መጀመሪያ የጎረቤት ድስት ታሸቻለሽ እያልህ ትስቅብኝ ነበር።

ያስተማርህበትን ትምህርት ቤት ሊዘጉት ነው ይባላል። ዘጠነኛ ክፍል ልጅ አንሶታል፣ ከወረታ ከተማው ጋር ይቀላቀል አሉ። የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰዎች ለቆጠራ የመጡት መቼ መሰለህ? በኅዳር ሚካኤል! የደብራችን ንግሥ ነው፤ ልጁም መምህሩም ታቦት ሊያጅብ ወጥቷል። ባዶ ወንበር አይተው ሄዱ። በዓሉን አላወቅንም ይላሉ፤ እኔ ግን ቀኑን የመረጠላቸው የአገር ሰው አለ አልሁ። ከተዘጋ ልጃችን ትርንጎ ወረታ ቤት ተከራይታ መማር ሊኖርባት ነው። እሱን አልችልም። አክስቶቿ ከአሁኑ ባል እያማረጡላት ነው።

የጠረጠርሁት ወንድምህን አያሌውን ነው፤ አትቆጣ። ክረምት ውኃው ሜዳውን ሲውጠው ከብቱን ወደ ትምህርት ቤቱ ጉብታ ያወጣ ነበር፤ በሩን የምትከፍትለት አንተ ነበርህ። ቢዘጋ ግቢው ለላሞቹ ይቀራል ብዬ አሰብሁ። ደግሞ ከንግሡ ወዲህ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል። ጠዋት ጠዋት ከብቱን ለሚስቱ ትቶ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ትምህርት ቤቱ ይሄዳል። ትርንጎን ስጠይቃት ሳቋን ትውጣለች። የገዛ ልጄን አሳደመብኝ ብዬ አለቀስሁ።

ባለፈው ሰኞ ሰዎቹ ተመልሰው መጡ ሲባል የማበጥረውን ሩዝ ከነሰፌዱ ጥዬ ሮጥሁ። በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ ልጆቹ ተሰልፈዋል። ከኋላቸው አያሌው ሽበቱን በቆብ ሸፍኖ ቆሟል፤ ስሙ ሲጠራ አቤት አለ። ለካ ዳይሬክተሩን ለምኖ ዘጠነኛ ክፍል ገብቶ ኖሯል! ስምንተኛን ጨርሰው የቀሩትን የሰፈራችንን ጎልማሶችም እየለመነ አስገብቷቸዋል። ሰዎቹ ለዘንድሮ ይቆይ ብለው ሄዱ።

አፈርሁ። ጥርጣሬዬ ግን አልለቀቀኝም፤ አሁን ወደ አንተ ዞሯል። አንተ እንድትማር እሱ ስምንተኛን ጨርሶ ቀርቶ ከብት እንደጠበቀ የነገርኸኝ አንተ ነህ። ታመህ ለመጨረሻ ጊዜ ከእሱ ጋር ዋንዛዬ ፍል ውኃ ስንወስድህ ነጠላ አምጪልኝ ብለህ ከአጠገብህ አራቅኸኝ። ስመለስ የሁለታችሁም ዓይን ቀልቶ ነበር። ያኔ ምን አልኸው? ብጠይቀው ጋቢውን ሳብ አድርጎ ወደ ከብቱ ይሄዳል። ትምህርት ቤቱን ለእሱ አደራ ብለህ ለኔ ሳትነግረኝ ሄደህ ከሆነ ተቀይሜሃለሁ።

ቅያሜዬንም አንተንም አልረሳም። እኔም እኮ ስምንተኛን ጨርሻለሁ፤ በመስከረም አያሌው ወደ አሥረኛ ሲያልፍ የሚለቀው ወንበር የኔ ነው። በየጠዋቱ ስሜ ሲጠራ፣ አንተ የጠራኸኝ እየመሰለኝ አቤት እላለሁ።

ሚስትህ ጥሩዬ